የሰው ምስልን ከቁሳቁስ ጋር በዘይት ቀለም ስለ መገልበጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር የዘይት ቀለም ጀማሪ ስሆን፣ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቬርሜርን «ወተት ቀጂዋ» የተባለ ሥዕል አቅልዬ ለመገልበጥ አስቤአለሁ። ከሴትዮዋ ፊት ልጀምር ወይስ ከዳቦው? ምን ምኑንስ ብተው ይሻላል?

መልስ፦ በ1660 ገደማ የተሣለውና በአምስተርዳም የሚገኘው ይህ ሥዕል 45.5 በ41 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው መጠን ቢገለብጡት ልኬቱ ይቀልልዎታል። በግድግዳው የተሰቀሉትን ቅርጫትና የናስ ባልዲ፣ ምስማሮቹንና ወለሉ ላይ ያለውን የእግር ማሞቂያ ይተዉ። ከፊቱም ከዳቦውም ሳይጀምሩ፣ አስቀድመው ሸራውን በሙሉ ተርፔንታይን በተባለው የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ በቀጠነ ቡናማ ቀለም ብርሃንና ጥላውን ለይተው ይሸፍኑ። ሴትዮዋ ቁልቁል ስለምትመለከት ዓይኗን በዝርዝር መሣል አያስፈልግም፤ ለጀማሪ የመረጡት ሥዕል በእኔ እምነት መልካም ነው።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የታችኛው ንብርብር ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው የበዛ ይሁን፤ አለዚያ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ኋላ ይሰነጠቃል። በቀለሙ ውስጥ ያለው የተልባ ዘይት በጨለማ ስለሚወይብ፣ ሥዕሉን ብርሃን ባለበት ክፍል ያድርቁት።

ሦስተኛ መልስ፦ የዘጌውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች እያዩ ያደጉ ከሆነ፣ እጅዎ ዙሪያውን በጥቁር መስመር መክበብ ይቀናው ይሆናል። እዚህ ግን የጉንጯን ዳር ከግድግዳው የሚለየው የቀለሙ መድመቅና መፍዘዝ ነውና መስመሩን ይተዉት።