ስኳር አስቁመነው ስኳሩ 287 ሆነ! ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

የኮዬዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው፣ የአንጎል ዕጢ አለበት። ግሊዮብላስቶማ ነው ብለውናል። ኦፕራሲዮን ሆኖ አሁን ቤት ነው። ካንሰር ስኳር ይበላል ሲሉን ስኳሩን፣ ማሩን፣ ዳቦውን፣ እንጀራውን ሳይቀር አስቆምነው። ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዱ በጎረቤት ማሽን ስለካው 287 አለ። ከየት መጣ? ምንም አልበላም እኮ! ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ማሽን የሚያይ ሰው ጠቁሙኝ። እሱ ደግሞ ውሃ ውሃ ይላል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል።

መካኒኩ፦
ባትሪው ደክሞ ነው። ክቧን ጠፍጣፋ ባትሪ ሰዓት ሠሪ ጋ ታገኛለሽ። ቀይሪው።

የላብ ልጅ፦
ባትሪ ሲደክም ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ያሳያል ወይም ይጠፋል። መጀመሪያ ጣቱን በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ድገሚው። ብርቱካን የላጠ ጣት ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። የስትሪፑን፣ ደሙ የሚነካበትን ቁራጭ ማለት ነው፣ የማብቂያ ጊዜ እዪ። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ስትሪፕ እርጥበት ያበላሸዋል። ለመሆኑ ምን መድኃኒት ይወስዳል?

የባዮሎጂ መምህር፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ አንድ ነገር አስተዋለ። የዕጢ ሴሎች ኦክስጅን እያለላቸው እንኳ ግሉኮስን ወደ ላክቴት ቀይረው ይጥሉታል። ጤነኛ ሴል አንዱን ግሉኮስ በማይቶኮንድሪያ፣ በሴሉ ጉልበት ማመንጫ፣ ጨርሶ ሲጠቀምበት ወደ 30 ኤቲፒ፣ የሴል ጉልበት የሚያዝበት ሞለኪውል ማለት ነው፣ ያገኛል። በላክቴት መንገድ የሚገኘው 2 ብቻ ነው። ብክነት ይመስላል አይደል? የዕጢ ሴል ግን ጉልበት ብቻ አይበቃውም። ሥራው መባዛት ነው። ከግሉኮሱ ላይ ለዲኤንኤና ለሴል ሽፋን የሚሆን ጥሬ ዕቃ ይወስዳል። የጣለው ላክቴት ደግሞ አካባቢውን አሲዳማ ያደርጋል፣ በዚያ ውስጥ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይዳከማሉ። ግሊዮብላስቶማ ላይ ግሉት 3 የሚባል የስኳር ማስገቢያ በር በብዛት ይገኛል። ስኳር ባነሰበት ቦታ እንኳ አጥብቆ ይስባል። ስለዚህ ማስቆማችሁ መሠረት አለው። ቀጥሉበት።

ነርሷ ከሰበታ፦
መምህር፣ ሳይንሱ ልክ ነው። "ቀጥሉበት" ያልከው ግን ከሳይንሱ አይወጣም። ስኳር ባነሰበት ቦታ እንኳ አጥብቆ ይስባል ያልከው አንተው ነህ። ታዲያ ስኳር ሲጠፋ ቀድሞ የሚቸገረው ማነው? አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ሆኖ ከግሉኮሱ ወደ 20 በመቶ ይወስዳል። ከአፍ ስትከለክለው ጉበት ራሱ ያመርታል፣ ከጡንቻ ፕሮቲን ሳይቀር። ዕጢው ደግሞ ከስኳር ሌላ ግሉታሚንና አሲቴት የሚባሉትን፣ ስብንም ይጠቀማል። በመከልከላችሁ የሚከሳው ጋሼ ነው። ካርቦሃይድሬትን በጣም የሚቀንሰው የኪቶ አመጋገብ በሐኪም ክትትል በትንንሽ ጥናቶች ተሞክሯል። ዕድሜ እንደሚያረዝም ግን አልተረጋገጠም።

የቱሉ ዲምቱው፦
እናቴ ጋ ያልተከፈተ ስትሪፕ አለ። ከወርቋ በላይ ነው የምትደብቀው፣ ግን እለምናታለሁ። ማሽንሽ ምን ዓይነት ነው?

የኮዬዋ፦
ታጥቦ ደገምኩት፣ 263። መድኃኒት ላላችሁኝ የሚጥል በሽታ እንዳይነሳበት የሚወስደው አለ፣ ለአንጎሉ እብጠት ደግሞ ዴክሳሜታዞን። የስኳር በሽታ ኖሮበት አያውቅም። ክኒኑ ነው እንዴ ስኳሩን ያመጣው? ከሆነ ዕጢውን እየመገብንለት ነው ማለት ነው። የዛሬውን አልሰጠሁትም፣ ልተወው?

የላብ ልጅ፦
ዋናው ነገር ይኸው መጣ! ማሽኑ አልተበላሸም። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ጉበትን ስኳር አምርት ይለዋል፣ ኢንሱሊንንም ሥራውን እንዳይሠራ ያደርገዋል። አንድ ጉርሻ ሳይቀምስም ስኳሩ ሊወጣ ይችላል።

ነርሷ ከሰበታ፦
እህቴ፣ ክኒኑን በራስሽ አታቋርጪ! በድንገት ሲቆም እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ክኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ይቀንሳል፣ ድንገት ሲቆም ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። አሁኑኑ ደውለሽ ስለዛሬው ክኒን ጠይቂ። 263 ላይ ጥሙና ሽንቱ ተጨምሮ ለነገ አይባልም፣ ዛሬውኑ ይታይ። ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ወደ አምቡላንስ፣ 907፣ ደውዪ። መፍዘዙ ከስኳሩ ይሁን ከእብጠቱ ቤት ሆኖ መለየት አይቻልም።

"እየመገብንለት ነው" ላልሽው፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ የቆየ የግሊዮብላስቶማ ሕመምተኞች ዕድሜ አጠር እንደሚል ጥናቶች አይተዋል። ስኳሩ ራሱ ነው ወይስ ብዙ ስቴሮይድ የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያውኑ ሕመሙ ስለበረታበት ነው የሚለው አልተለየም። በሁለቱም መንገድ ግን መያዝ ያለበት በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። እሱ ደግሞ በሐኪም ይያዛል፣ ካስፈለገም በኢንሱሊን። እንጀራ በመንፈግ አይደለም።

አዲስ አባል፦
ጣቱን በሳሙና አሳጥበሽ ድገሚው።

የባዮሎጂ መምህር፦
የዕጢው ዓይነት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች በአንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ አይዲኤች1 የሚባል ጂን ተለውጦ አገኙ። የሴሉን የስኳር ኬሚስትሪ የሚነካ ጂን ነው። ሲለወጥ ሴሉ ያልተለመደ ኬሚካል ያጠራቅማል፣ ኬሚካሉም የጂኖችን ማብሪያና ማጥፊያ ያዛባል። ይህን የሚከለክል ቮራሲዴኒብ የሚባል ክኒን እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ ይህ ለውጥ ላለባቸው ግሬድ 2፣ ማለትም ቀስ ብለው ለሚያድጉ ዕጢዎች። የጋሼን የፓቶሎጂ ወረቀት፣ የዕጢውን ናሙና ምርመራ ውጤት ማለት ነው፣ እዪው። ስለ አይዲኤች የተጻፈ ካለ ሐኪሙን ጠይቂ።

ነርሷ ከሰበታ፦
ወረቀቱ ይቆየን፣ መጀመሪያ የዛሬው። ስትሄዱ የክኒን ካርቶኖቹን ሁሉ ያዢ። ክኒኑን የወሰደበትን ሰዓትና የለካሽውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊ። ዴክሳሜታዞን ጠዋት ከተወሰደ ስኳሩ ይበልጥ የሚወጣው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። የጠዋቱን ብቻ ማየት ያሳስታል። እንጀራውን መልሱለት፣ በልክ፣ ከሽሮ ወይም ከእንቁላል ጋር። ለስላሳና ጭማቂ ይቅር። ውሃ አትከልክሉት።

የቱሉ ዲምቱው፦
እማዬ ፈቀደች። የማሽኑን ስም ጻፊልኝ፣ የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሠራም። መኪና ይዤ ነው የምመጣው፣ ጤና ጣቢያ አደርሳችኋለሁ። የብሎክ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።