«አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» የሚለው አባባልና የመጽሐፍ ቅዱሱ «ትሕትና»

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ በእኛ ዘንድ ጨዋን ሰው ሲያመሰግኑ «አንገቱን የደፋ ነው» ይላሉ፤ ያው አንደበት ተመልሶ «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» ብሎ ያስጠነቅቃል። መጽሐፍ ቅዱስ ትሕትናን ይህን ያህል ከፍ አድርጎ እያስተማረ፣ ተረቱ ትሕትናን ይነቅፋል ማለት ነውን? «ትዕቢት» እና «ኩራት»ስ አንድ ናቸውን? የምታውቁ አባላት ብታብራሩልን።

መልስ፣ ከወልድያ፦ ወንድሜ፣ ተረቱ የሚነቅፈው ትሕትናን ሳይሆን የትሕትናን መልክ ይዞ ክፋትን የሚያደባውን ሰው ነው፤ በዚህም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይጋጭም፣ እንዲያውም ይስማማል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚገሥጻቸው ሰዎች የሚጾሙ፣ ማቅና አመድ የሚያነጥፉ፣ ራሳቸውንም እንደ እንግጫ የሚያዘነብሉ ነበሩ፤ ሆኖም በዚያው በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ፣ ይጣሉና ይማቱ ነበር። አንገታቸው ተደፍቷል፣ ልባቸው ግን አልተደፋም። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆላስይስ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ሰው ከራሱ ፈቃድ ያበጀው ትሕትና ጥበብ መስሎ እንደሚታይ ያስጠነቅቃል። ጌታችን «እኔ የዋህ በልቤም ትሑት ነኝና» ሲል «በልቤ» የሚለውን የጨመረው በከንቱ አይመስለኝም፤ የትሕትና ማደሪያ ልብ መሆኑን የሚያሳይ ቃል ነውና።

ወደ ቃሉ ስንመለስ፣ «ትዕቢት» የመጣው «ዐብየ»፣ ማለትም ታላቅ ሆነ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ «ዐቢይ ጾም» የምንለውም የዚሁ ዘር ነው። እንግዲህ ታላቅነት በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሰው ታላቅነትን ከሰጪው ነጥቆ የራሱ ሲያደርገው ነው። ለዚህ ከንጉሥ ዖዝያን ታሪክ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። በኢየሩሳሌም 52 ዓመት ነገሠ፤ ግንብ ሠራ፣ ጉድጓድ ማሰ፣ እርሻም ይወድ ነበር፤ እግዚአብሔርን በፈለገበት ዘመን ሁሉ ተከናወነለት። በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየና ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ፤ ካህናቱ ሲከለክሉት ተቈጣ፣ በቍጣው መካከልም ለምጽ በግንባሩ ወጣ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በተለየ ቤት ተቀመጠ፤ ሊገባበት ከደፈረው መቅደስም ተለየ። ምሳሌ 16፥18 ትዕቢት ጥፋትን እንደሚቀድም የሚናገረው በእርሱ ሕይወት ደረጃ በደረጃ ይታያል፤ ያስጨነቀኝም ውድቀቱ የመጣው በድካሙ ሳይሆን በብርታቱ ዘመን መሆኑ ነው።

«ኩራት» ሁለት ፊት አለው። «የወገን ኩራት» ስንል ምስጋና ነው፤ «ኵሩ መንፈስ» ሲባል ግን ከትዕቢት ጎን ይቆማል። ስለዚህ አንዱን ቃል በሌላው ከመተካት በፊት ዐውዱን ማየት ይገባል።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከላስታ፦ መልስዎ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ይከብደኛል፦ «ራሱን የሚያዋርድ ከፍ ይላል» የሚለውን ቃል ልጆች ሲሰሙ፣ «ማዋረድ» በዛሬው ንግግራችን ስድብና ንቀት ስለሆነ፣ ራስን መናቅ አድርገው ይረዱታል።

መልስ፣ ከወልድያ፦ እውነትዎን ነው፤ ብርቱ ጥያቄ ነው። «አዋረደ» የ«ወረደ» ዘር ነው፤ እርስዎ ባሉበት በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ሊሳለም የሚሻ ሰው ከመሬቱ ገጽ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም፤ መውረዱም አያሳፍረውም። ልዩነቱ አዋራጁ ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሌላው ሰው ሲያዋርደን ክብራችን ይነካል፤ በፊልጵስዩስ 2 ክርስቶስ «ራሱን አዋረደ» ሲባል ግን ማንነቱን ሳይንቅ፣ ክብሩን እያወቀ፣ ስለ እኛ መታዘዙን ይናገራል። በሉቃስ 18 ያለው ቀራጭም «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ሲል ራሱን አልናቀም፤ ያለበትን እውነት በእግዚአብሔር ፊት ተናገረ። ስለዚህ ለልጆች ሲያስተምሩ «ራሱን ዝቅ የሚያደርግ» ቢሉ ትርጉሙ አይጎድልም፤ «የሚያዋርድ» የሚለውን ከንባቡ ሲያነቡላቸውም የቀራጩን ጸሎት አብረው ያንብቡላቸው።