ሦስት ወርቅ በሦስት ስም፦ ላቭሮቭ ከካራባቲች ይበልጣል?

ቆጣሪው፦ የእጅ ኳስ ቁንጮ ማነው ሲባል ሁሉም ፈረንሳዊውን ኒኮላ ካራባቲችን ይጠራል። ሩሲያዊው በረኛ አንድሬይ ላቭሮቭስ? በ1988 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሴኡል ላይ ለሶቪየት ኅብረት፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ ለተዋሃደው ቡድን (የቀድሞ ሶቪየት ሪፐብሊኮች የጋራ ቡድን)፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ለሩሲያ ወርቅ ወስዷል። በ2004 አቴንስ ላይ፣ በ42 ዓመቱ፣ ነሐስ ጨመረ። ላቭሮቭ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዘጠኝ ሜትር፦ ካራባቲችም እኮ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፤ ቤጂንግ፣ ለንደን፣ ቶኪዮ። በዚያ ላይ 4 የዓለም፣ 4 የአውሮፓ ዋንጫ። ላቭሮቭ የዓለም 2፣ የአውሮፓ 1። 11 ለ6! ምኑ ያከራክራል?

ቆጣሪው፦ ዕድሉንም ቁጠራ! የአውሮፓ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1994፣ ላቭሮቭ 32 ዓመት ሞልቶት ነው። የዓለም ሻምፒዮናም በየ2 ዓመቱ የሆነው ከ1993 ወዲህ ነው። ካራባቲችን ግን በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ዋንጫ ይጠብቀው ነበር።

ፒቮት፦ የዋንጫ ቆጠራውን ተዉትና የበረኛን ሥራ እንይ። ጎሉ 3 በ2 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ከ9 ሜትር ለመድረስ 0.32 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። (ጓንትም የለም፣ የእግር ኳስ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ።) በዚህ ፍጥነት አይቶ መዝለል አይቻልም። ስለዚህ ብሎኩ (እጃቸውን አንስተው የሚከልሉት ተከላካዮች) አንዱን ወገን ይዘጋል፣ በረኛው ሌላውን ይይዛል። ተከላካዩ እጁን ቀድሞ ካወረደ ኳሱ በረኛው በለቀቀው በኩል ይገባል፤ ሕዝቡ ግን የሚሰድበው በረኛውን ነው። ከክንፍ ሲወረወር ደግሞ በረኛው ወጥቶ ማዕዘኑን ያጠብባል፤ ቶሎ ከወጣ በአናቱ ላይ ይወረወርበታል።

ዘጠኝ ሜትር፦ ለኔ መሰከርክልኝ! ግማሹ የብሎኩ ሥራ ከሆነ ወርቁም የመከላከያው ነው።

ፒቮት፦ የትኛው መከላከያ? ሴኡል ላይ አሠልጣኙ የቭቱሼንኮ፣ ባርሴሎና ላይ ቤላሩሳዊው ሚሮኖቪች፣ ሲድኒ ላይ ማክሲሞቭ። የባርሴሎናው ኮከብ ዱይሼባዬቭ በሲድኒ ለስፔን ነበር የተጫወተው። ከፊቱ ያለው ሰው በተቀየረ ቁጥር በረኛው ስምምነቱን እንደ አዲስ ይሠራል። ካራባቲች ሦስቱንም ወርቅ ያገኘው በአንድ ማሊያ ነው።

ዘጠኝ ሜትር፦ እሺ፣ በ2000 የአውሮፓ ፍጻሜስ? ስዊድን ሩሲያዎቹን 32 ለ31 አሸነፈቻቸው። በዚያው ዓመት ሲድኒ ላይ ሩሲያዎቹ 28 ለ26 በቀሉ። በረኛው ያው፣ ተጋጣሚው ያው። ልዩነቱን ያመጣው አጥቂው ነው።

ቆጣሪው፦ ሲድኒ ላይ የገባበት 26 ግብ እኮ ከ32 በ6 ያነሰ ነው።

ፒቮት፦ የ32ቱ ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ነበረው፣ አታምታታ። በዚህስ ዘጠኝ ሜትር ልክ ነው።

ዘጠኝ ሜትር፦ ላቭሮቭ በዚያ ዕድሜ መጫወቱም በዛሬው ሕግ አይታሰብም። ከ2016 ጀምሮ በረኛው ወጥቶ በ7 ተጫዋች ማጥቃት ቀላል ሆኗል፤ ኳስ ሲነጠቅ ከተቀያሪ መስመር እስከ ጎሉ ወደ 20 ሜትር መሮጥ አለበት። በ42 ዓመት?

ፒቮት፦ 7 ለ6 (በ7 አጥቂ 6 ተከላካይን መግጠም) ግዴታ አይደለም። የማይሮጥ በረኛ ካለህ አትጫወተውም።