ጀርመንኛ የሚጽፉ ነገር ግን የማይናገሩ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል መምህርት፣ አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ የቋንቋ መምህራን፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀርመንኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በአንድ ክፍል 54 ተማሪዎች አሉኝ፤ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡባቸው ዴስኮች ከባድ በመሆናቸው በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቦታ ማቀያየር አይሆንልኝም። መብራት ስለሚጠፋም በድምፅ ማጫወቻ መተማመን ትቻለሁ። ተማሪዎቼ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚለውን መልመጃ አሳምረው ይሠራሉ፤ «ጀርመንኛ ለምን ትማራላችሁ?» ብዬ በጀርመንኛ ስጠይቃቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎበዝ ተማሪ መልሷን ከደብተሯ አነበበችልኝ፤ ደብተሩን ዘግታ በቃሏ እንድትደግመው ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ይህ ከልቤ አልወጣም። ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ተማሪዎችን የሚያናግሩ የክፍል ልምምዶች ካሏችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ። በተለይ «ቫይል» (ምክንያቱም) ከሚለው ቃል በኋላ ግሡ ወደ መጨረሻ መሄዱ፣ እንዲሁም ሰዓት መናገር በጣም አስቸግሮናል።

መልስ (ጡረታ የወጣ የጀርመንኛ መምህር)

እህቴ፣ እኔም ብዙ ዓመት የታገልኩበት ነገር ነው። መፍትሔ የሆነኝ ዓረፍተ ነገሩን ከሰሌዳው አውርጄ በተማሪዎች እጅ ማስያዝ ነው። አሮጌ ካርቶን ቆርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል በትልቁ ይጻፉ፤ ግሡን ብቻ በቀይ ይጻፉት። ሦስት ተማሪዎች «ኢሽ» (እኔ)፣ «ቢን» (ነኝ)፣ «ክራንክ» (በሽተኛ) የሚሉትን ይዘው ፊት ለፊት ይቁሙ፤ ክፍሉ «ኢሽ ቢን ክራንክ» ብሎ ያንብብ። ከዚያ «ቫይል» የያዘው አራተኛው ተማሪ ከኋላ መጥቶ ከ«ኢሽ» ፊት ይቆማል፤ «ቢን»ን በትከሻው ይዞ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሸኘዋል። አሁን የሚነበበው «ቫይል ኢሽ ክራንክ ቢን» ነው።

በዚህ ጊዜ ከሥሩ አማርኛውን በሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው፦ «ምክንያቱም እኔ በሽተኛ ነኝ»። ቃል በቃል፣ ቦታ በቦታ አንድ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል፤ እንግዳ የመሰላቸው ሕግ ከአፋቸው የማይጠፋው የገዛ ቋንቋቸው ሥርዓት መሆኑን ይረዳሉና። ለአማርኛ ተናጋሪ በእውነት እንግዳ የሆነው ዋናው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እዚያ ግሡ ሁለተኛውን ቦታ አይለቅም። ስለዚህ «ሆይተ» (ዛሬ) የሚለውን የያዘ ልጅ ደግሞ ያምጡና ከፊት ያቁሙት፦ «ሆይተ ቢን ኢሽ ክራንክ»። «ቢን» እንዳለ ይቆማል፣ «ኢሽ» ከኋላው ይዞራል። እኔ ከ«ቫይል» ይልቅ ብዙውን ጊዜ የምሰጠው ለዚህኛው ነው። ከፊት የታየውን ሁሉም በየዴስኩ በትንንሽ ካርቶን ይደግመው፤ ዴስኮቹን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም።

መልስ (በፍራንክፈርት የምትኖር፣ አዲስ ለሚመጡ ልጆች ጀርመንኛ የምታስጠና)

ስለ ሰዓቱ ልጨምር። የእኛ ልጆች የሚሳሳቱት በሁለት ምክንያት ስለሆነ ሁለቱን ለየብቻ ማስተማር ይገባል። አንደኛው የስድስት ሰዓት ልዩነቱ ነው። ሁለተኛውና የከፋው «ሃልፕ» (ግማሽ) የሚለው ቃል ነው፤ አማርኛ ካለፈው ሰዓት ላይ «ተኩል» ብሎ ሲጨምር፣ ጀርመንኛ ወደሚመጣው ሰዓት ግማሽ መንገድ መኬዱን ይናገራል። «ሃልፕ ዚበን» (ቃል በቃል «ግማሽ ሰባት») በአውሮፓ አቆጣጠር 6:30፣ በእኛ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ የማስጠናው ልጅ «ሃልፕ አኽት» ብለው ቀጥረውት፣ «ስምንት ተኩል» ብሎ ተርጉሞ በትክክል አንድ ሰዓት አርፍዶ ደረሰ፤ ልጁ ምንም አልሰነፈም፣ በአማርኛ ስሌት ሰምቶ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የሀገር ቤቱን ሰዓት ጨርሶ አላነሣም። ከካርቶን በሠራሁት ሰዓት ላይ ረጅሙን ዘንግ ወደ ታች አድርጌ፣ ጣቴን ወደሚመጣው ቁጥር እየጠቆምኩ «ወደ ሰባት ግማሽ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ለሁለት ተማሪዎች የአንድ ልጅን የቀን ውሎ እያጎደልኩ እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱ ያለው ሌላው የለውም፤ ወረቀት ሳይተያዩ «ቫን ሽቴት ኤር አውፍ?» (መቼ ነው የሚነሣው?) እየተባባሉ ይሞላሉ። ሳይናገሩ ሊሞሉት ስለማይችሉ ዝም የሚል ተማሪ አይኖርም። ሁለቱን አቆጣጠር የማገናኘው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

መልስ (የግል ትምህርት ቤት መምህር)

በ54 ተማሪዎች መካከል የሚያሰጋው ጫጫታው ነውና፣ እኔ ልምምዱን ከመጀመሬ በፊት እጄን ሳነሣ ሁሉም እጁን አንሥቶ እንዲያቆም አስለምዳቸዋለሁ። ሲናገሩ መሐል ገብቼ አላርምም፤ የሰማሁትን ስሕተት በሰሌዳው ጥግ ጽፌ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ክፍሉ እንዲያርመው አደርጋለሁ። አንገቷን የደፋችው ተማሪዎ ሰው ፊት መታረምን ፈርታ ሊሆን ይችላል።

የሻንጣውን ጨዋታም ይሞክሩት። አንዱ «ኢሽ ፓከ ኢን ማይነን ኮፈር አይነን ሮክ» (ሻንጣዬ ውስጥ ጉርድ ቀሚስ እከታለሁ) ይላል፤ ቀጣዩ ይህን ደግሞ የራሱን ይጨምራል። 54 ሰው በአንድ ሰንሰለት አይሆንም፤ ሁለት ዴስክ፣ ማለትም ስድስት ተማሪ ይበቃል። ስሙ ተሳቢ ሲሆን የሚለወጠው ከተባዕት ስም ፊት ያለው «አይን» (አንድ) ብቻ መሆኑን ጆሯቸው ይለምዳል፦ «አይነን ሮክ» ሲባል «አይነ ያከ» (ጃኬት) እና «አይን ሄምት» (ሸሚዝ) እንደነበሩ ይቀራሉ። «ቀሚሱን» የሚለው «ን» ለማስረዳት ይረዳል፤ ነገር ግን አማርኛ «ቀሚስ ገዛሁ» ሲል «ን»ን እንደሚተው፣ ጀርመንኛ ግን «አይነን»ን እንደማይተው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ጠያቂዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀዩን «ቢን» ያቺ ልጅ እንድትይዝ አደረግኩ። ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመችና ማንም ሳይጠይቃት ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላ አለችው። የተቸገርኩት ካርቶኖቹን ስሰበስብ ነው፤ ግማሾቹ «ቫይል ኢሽ ቢን ክራንክ» ወደሚለው ይመለሳሉ።

መልስ (ጡረታ የወጣው መምህር)

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይውሰዱባቸው። በየቀኑ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ይስጡትና በየሁለት ቀኑ አንድ ካርቶን ገልብጠው ባዶ ጎኑን ያስይዟቸው፤ ልጁ በቦታው ይቆማል፣ ቃሉን ግን ክፍሉ ከትዝታው ይናገራል። መጀመሪያ «ክራንክ»ን፣ ቀጥሎ «ኢሽ»ን፣ ከዚያ «ቫይል»ን ይገልብጡ፤ ቀዩን ግሥ የመጨረሻ ያድርጉት።