ከሰል ከቤታችን ይውጣ? የአንድ ምሽት ክርክር

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጥያቄ እሁድ ቡና ላይ የተነሳው ነው። አንዱ ወገን «አዲስ አበባ ውስጥ በከሰልና በእንጨት ማብሰል በሕግ ይከልከል» አለ። ሌላው «ድሃውን ጦሙን ልታሳድሩት ነው?» ብሎ ተነሳ። በረካ ሳይደርስ ተለያየን። ዛሬ እዚሁ በጽሑፍ እንጨርሰው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከየቤታችሁ ካያችሁት ተነሱ። በምን ሲበሰል አደጋችሁ? ምን መጣ? ምን ቀረ? ከዚያ «ይከልከል» ወይም «አይከልከል» በሉ።

የጉለሌዋ፦ ይከልከል። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ያደግኩት ጉለሌ ነው፣ እንጦጦ ሥር። እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ ትጋግራለች። ማገዶው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነበር። ከጫካው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በደጃችን ያልፋሉ። ከኋላ ስታዩዋቸው ሸክሙ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ማድ ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። ቅጠል ደግሞ ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ እናቴ ሊጡን አዙራ አክንባሎውን እንደከደነች ወዲያው ጎንበስ ብላ ትማግዳለች። እንጀራውን በሰፌድ ስታወጣ ዓይኗ ተጨፍኖ ነው። ዳሩን በጣቷ ጫፍ ትፈልገዋለች። ዓይኗን ሳትገልጥ! ልጅነቴ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

ሰጋቱራም ነበረ። ከእንጨት መሰንጠቂያ በማዳበሪያ እናመጣለን። ምድጃው ከታች ቀዳዳ ያለው ትልቅ ጣሳ ነው። መሐሉ ላይ ጠርሙስ እናቆምና ዙሪያውን ሰጋቱራ እንጠቀጥቃለን። ከዚያ ጠርሙሱን እያዞሩ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። ከተናደ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። ደህና ከተጠቀጠቀ ንፍሮ ያበስላል።

ቀጥሎ የነጭ ጋዝ ቡታጋዝ መጣ። ክሩ ሲያረጅ ያጨሳል፣ ሽሮው ጋዝ ጋዝ ይላል። ነጭ ጋዝ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን የምንሰለፈው እኛ ልጆች ነበርን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታችን የገባው በ1980ዎቹ ነው። አባቴ ዕቁብ ሲደርሰው ገዛው። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጋገረች። ተቀምጣ! ስትጨርስ የነጠላዋን ጫፍ አንስታ አሸተተችው። ከዚያ በዚያው ልብስ፣ ሳትቀይር፣ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከጋገረች በኋላ ገላዋን ሳትታጠብ ሰው ፊት ቀርባ አታውቅም።

ቆቃ በ1952 ሲመረቅ 43 ሜጋ ዋት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው። ይህን ሁሉ ገንብተን ሴት ልጅ ከሰል እፍ እያለች መኖር የለባትም።

የቡና ወዳጅ፦ አይከልከል። እህቴ፣ ስለ እናትሽ ያልሽው ገብቶኛል። የኔም እናት እንደዚያው ነበረች። ግን ጭስና ፍም ለየቅል ናቸው።

ቡና በኤሌክትሪክ ስቶቭ ሞክሬያለሁ። የኛ ጀበና ታቹ ክብ ነው፣ ስቶቩ ላይ አይቆምም። ከሰሉ ግን እቅፍ አድርጎ ይይዘዋል። ቡናው ሲገነፍል ፍሙን ገለል ታደርጋለህ፣ ሲበርድ ትመልሳለህ። ከአቦል እስከ በረካ ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው። ጎረቤት የሚሰበሰበው በዚያች ሰዓት ነው። የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው በዚያው ነው። ዕጣኑስ ያለ ፍም በምን ይጨስ?

ብዙ ነገር በደስታ አስወጥቻለሁ። አባቴ የትምህርት ቤት ሸሚዜን የሚተኩሰው በከሰል ካውያ ነበር። አንድ ቀን ፍንጣሪ ወጥቶ ኪሱን በሳው። ያ ካውያ በመቅረቱ ማንም አልተጎዳም። ማንደጃው ግን የቡናችን ግማሽ ነው።

ነርሷ፦ ፍምና ጭስ ለየቅል ናቸው የተባለው ላይ ልመለስ። ብዙ ሰው የሚሞተው እንደዚያ አስቦ ነውና።

የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ብርድ ሲጠና፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ደግሞም በክረምት፣ ማንደጃ መኝታ ቤት ይገባል። ሰው ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥለዋል። ጭሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ሲቀላ «አሁን ነደደ» ብሎ ያስገባዋል። በሩን ይዘጋል፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይወትፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከቀላው ፍምም ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይቀማል። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ተኝቶ የነበረ ሰው ይሄ ሁሉ ሲሆንበት አይነቃም።

አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ነው ያወጣቸው። እሷና ትንሹ ተረፉ። ኦክስጅን ተደርጎላት ስትነቃ ደጋግማ የምትለው «ጭስ አልነበረውም እኮ» ነበር። እጄን ይዛ «አንቺ፣ ጭስ አልነበረውም እኮ» ትለኛለች። ያንን ማታ አልረሳውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል ይላል። ይህ ቁጥር ጭሱ በሚያመጣው በሽታ የሚሞተው ነው። ሕግ ይውጣ አይውጣ ላይ እናንተ ተከራከሩ። እኔ ዛሬ ማታ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ማንደጃ ይዛችሁ አትተኙ። ቡና ስታፈሉም በርና መስኮት ይከፈት።

የቡና ወዳጅ፦ እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እኛ ቤት በክረምት በሩን ዘግተን ነው የምናፈላው። ከዛሬ ጀምሮ ይከፈታል።

ባለምጣዱ፦ እኔ ምጣድ ጠጋኝ ነኝ። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ከልቤ የምወደው ሥራ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

ምጣዱን ገልብጣችሁ ብታዩት ሸክላው ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠማዘዘ ተቦርቡሯል። በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ይተኛል። በላዩ ጄሶ ይለሰናል። ያ ነው በቃ። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ከተጠጋጋ እዚያ ያራል፣ ከተራራቀ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሴቶቹ ይዘውት ሲመጡ «በዚህ በኩል ሊጥ ይላል» ብለው በጣታቸው ያሳዩኛል። ስፈታው ችግሩ ልክ እነሱ ያሉት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። አንድ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ትልቁ በላተኛ እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ከተጋገረ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሄዳል። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 60 ገደማ። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን እስከ 50 ነው። ስለዚህ ምጣድ ብቻውን ከዚያ እርከን ያስወጣሃል፣ አምፖልና ስቶቭ ሳይቆጠር።

ሥራ የሚበዛብኝ የበዓል ዋዜማ ነው። ሠፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ይጋግራል። ኃይሉ ይወርዳል፣ ምጣዱ አይግልም፣ ሊጡ ይደርቃል። ወይ መብራት ጭራሽ ይሄዳል። ያን ጊዜ ማንደጃ የሌለው ቤት ዶሮውን በምን ይሥራ? ስለዚህ አይከልከል እላለሁ። መጀመሪያ መስመሩ ይስተካከል።

ከሚኒሶታ፦ ከሩቅ፣ ከአሜሪካ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የኖርዌይ ዘር ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሌፍሰ የሚባል ስስ ቂጣ አላቸው፣ የሚጋግሩትም በክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው። ሐበሻው አየና ገዛው፣ ለእንጀራ አዋለው። ከአገር ቤቱ ምጣድ ያንሳል፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔም አሥራ አምስት ዓመት ጋግሬበታለሁ። ማንም አላስገደደኝም። መብራት አይጠፋም፣ ሶኬቱ አይቀልጥም። ከሰል ማሰብ ራሱ ቀረ። ቡና ስቆላ ብቻ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ መስኮት ከፍቼ በፎጣ አራግበዋለሁ። የሚታመን መብራት ካለ ሰው ራሱ ይቀየራል። ለዚህ ነው ከባለምጣዱ ጋር የምስማማው።

የጉለሌዋ፦ ወንድሞቼ፣ «መጀመሪያ መስመሩ» የሚለውን ስሰማ ልቤ ይደክማል። እስኪስተካከል የሚጠብቀው ማነው? ጭሱ ውስጥ ያለችው ናት። ደግሞ ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ አትርሱ። በአፈር ተሸፍኖ የሚከሰለው እንጨት ለአንድ ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይበላል። ስምጥ ሸለቆ ወርዳችሁ ግራሩ ምን ያህል እንደሳሳ እዩ። መንገድ ዳር የተደረደረው ማዳበሪያ ሁሉ ዛፍ ነበር።

ተከራይ ነኝ፦ እስካሁን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። የተከራየሁት አንዲት ክፍል ነው፣ ግቢው ውስጥ ስድስት አባወራ አለን። ውል ስንዋዋል የተነገረኝ የመጀመሪያው ነገር «ምጣድ አይፈቀድም፣ ስቶቭ አይፈቀድም» የሚል ነው። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል። ባለቤቴ ወጥ የምትሠራው ላቀች በሚባለው የከሰል ምድጃ ነው፣ በረንዳ ላይ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። እንጀራ እንገዛለን።

ስቶቭ አለን። የሠርጋችን ስጦታ ነው። ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ልጄ አንዴ አውጥታ የሻይ ቤት ጨዋታ ተጫወተችበት።

እና እትዬ ጉለሌ፣ አክብሬዎት ልጠይቅ። ከሰል በሕግ ቢከለከል ደንብ አስከባሪ መጥቶ የሚቀጣው ማንን ነው? እኔን ነው። ቤቴ ውስጥ ያለውን ሶኬት መጠቀም ያልተፈቀደልኝን ሰው ነው። ያንን ምድጃ ወድጄው አይደለም።

አከራይ እናት፦ ልጄ፣ ያንተ አከራይ እኔ አይደለሁም፣ ግን እኔም እንደዚያው ነው የምለው። ሳልናገር ብቀር ይከብደኛል።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የምተዳደረው በቤት ኪራይ ነው። አምስት ክፍል አለኝ፣ ቆጣሪው አንድ ነው። አንድ ጊዜ ፈቅጄ ነበር። ሁለቱ ቤት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ምጣድ ሰኩ። መስመሩ ባለቤቴ በነበረ ጊዜ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ጥቁር ምላስ የመሰለ ነገር ተወ። እሳቱ ወደ ኮርኒሱ ሳይደርስ ደረስንበት። ልጆች ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አልፈቅድም።

ሒሳቡም አለ። የአምስት ቤት ፍጆታ አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ትንሽ ይከፍል ነበር። ተካፈሉ ስላቸው ይጣላሉ። «የኔ ፍሪጅ የለም»፣ «እነሱ ሌሊት ቴሌቪዥን አያጠፉም» ይባባላሉ። ዳኛዋ እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነው «አይቻልም» ያልኩት፣ ክፉ ሆኜ አይደለም።

ባለምጣዱ፦ እማማ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። 16 አምፔር በቀጭን ሽቦ ላይ አይጫንም። ግን መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም። ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት አንድ ወፍራም መስመር ለብቻው ይዘረጋል፣ የራሱ ብሬከር ይደረግለታል። አንድ የጋራ ምጣድ እዚያ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ትንሽ ቆጣሪ ከውስጥ ይገባል። የከተማው ሒሳብ አይለወጥም፣ ግን ማን ስንት እንደበላ ይታያል። በተራ ይጋገራል፣ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ አይሰካም።

የጉለሌዋ፦ ተከራይ ወንድሜ፣ ያነሳኸውን አላሰብኩበትም ነበር። እኛ ቤት ምጣድ ሲገባ ግቢው የራሳችን ነበር፣ ቆጣሪውም በአባቴ ስም። አባቴ ያንን ዕቁብ ያወጣው በራሱ ሶኬት ላይ ሊሰካው ነው። ያንን ሳልቆጥር ነው «ይከልከል» ያልኩት።

ስለዚህ ድምፄን ላስተካክል። ቤት የሚያከራይ ሰው ለማብሰያ የሚሆን መስመር እንዲያቀርብ ይገደድ፣ ለመስመሩም ብድር ይመቻችለት። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የጋራ መጋገሪያ ቤት አብሮ ታስቦ ነበር። ግቢ ለግቢስ ለምን አይታሰብም? ያ ከሆነ በኋላ ስለ ክልከላ እንነጋገር። የቡና ማንደጃውን ግን ለወንድሜ ትቼለታለሁ፣ በሩ ከተከፈተ።

ተከራይ ነኝ፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ እትዬ።

አከራይ እናት፦ ባለምጣዱ ልጄ፣ ያ ያልከው የጋራ መስመር የኔ ግቢ ላይ ይሠራል? ማድ ቤቱ ከቆጣሪው ይርቃል፣ አሥራ አምስት እርምጃ ይሆናል። ከቤት ኪራዩ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጥኩ ነበር፣ ለጣሪያው ብዬ። ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሠኛል።

ባለምጣዱ፦ ይሠራል እማማ። ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ ጋር መጥተን እናየዋለን። እስከዚያ የቆጣሪውንና የብሬከሩን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ብሬከሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በደንብ ይታይ።