ማህፀን ስንት ስም ነው ያለው?
ሰላም ወገኖች፣ እስቲ እርዱኝ። ሲያትል ውስጥ ለህክምና አስተርጓሚነት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። አብራኝ የምታጠናው ልጅ ቬትናማዊት ናት። የማህፀንና የወሊድ ቃላት ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ግራ ገባን።

በሷ ቋንቋ ማህፀን «ቱ ኩንግ» ነው፤ የልጅ ቤተ መንግሥት እንደማለት። ደስ አይልም? ሰርቪክስን እነሱ የማህፀን አንገት ይሉታል፣ እኛ የማህፀን በር። እስከዚህ ሰላም ነው።

እንግሊዝኛው ግን ማህፀኑን ዩትረስ ይለዋል፤ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ሂስተሬክቶሚ፣ የውስጥ ሽፋኑ ደግሞ ኢንዶሜትሪየም። አንዱ ከላቲን፣ ሁለቱ ከግሪክ! ትናንት «ሰርቪካል» የሚል አየችና የአንገት አጥንት ይሁን የማህፀን በር ጠፋባት። እኔም ዝም አልኩ።

አዋላጅ ነርሶች፣ አስተርጓሚዎች፣ እነዚህን ሥረ ቃላት እንዴት ነው የያዛችኋቸው? ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።