ደሴ የደረቀ አክሪሊክ ኮምቦልቻ ላይ ተጣበቀ

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአክሪሊክ ቀለም የተሳሉ ሁለት የሥዕል ሸራዎች ፊት ለፊት ተደራርበው በመኪና ኮምቦልቻ ሲደርሱ ቀለማቸው ተያያዘ። ከተቀቡ ወር አልፏቸዋል፣ ሲነኩም ደረቅ ነበሩ። ሳይላጡ እንዴት ይላቀቃሉ? ለሚቀጥለውስ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ይሻል ይሆን?

ቦርከና፦
አብሽር፣ ይላቀቃል፤ ብቻ በጉልበት እንዳትስበው። አክሪሊክ ቢደርቅም ፕላስቲክነቱ አይለቀውም፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ሙቀቱ ያው የምታውቀው ነው፤ መኪና ውስጥ ደግሞ ይብሳል፣ ክብደት ሲጨመርበት ይያያዛል።

ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አግድም አስተኝተህ አሳድራቸው። ንጋት ላይ፣ ሳይሞቅ፣ ከአንድ ጥግ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት (ሲሊኮን የተቀባውን) በቀስታ አስገባ። እምቢ ካለ ቁምና በሌላ ጥግ ሞክር። ፍሪዘር ውስጥ ግን አትክተተው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ቀለሙ ስለሚገትር ሸራው ትንሽ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አልኮልና ቲነርም አታስጠጋ፣ ቀለሙን ራሱን ያሟሙታል።

ሐይቅ ዳር፦
ቦርከና ባለው ላይ ልጨምር። ሲጓዝ ፊት ለፊት አይደረብም፤ በአራቱ ጥግ ካርቶን አድርገህ ሸራዎቹ እንዳይነካኩ አራርቃቸው። የግድ ከተጠቀለለ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፣ ቱቦውም ወፍራም። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨምቆ ይሸበሸባል። ተራ ላስቲክ ቀለሙ ላይ አታሳርፍ፣ እሱም ይጣበቃል።

ፕላስቲክ ቀለሙን ኸረ ተወው! ርካሽነቱ በውስጡ ካለው ኖራ መሰል መሙያ ነው፤ ቀለሙን አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ትንሽ ነው። ግድግዳ አይታጠፍም፣ ሸራ ግን ይረግባል፣ ይወጠራል፤ ቀለሙም ይሰነጠቃል፣ ቆይቶ እጅ ላይ እንደ ጠመኔ ይወጣል።

ጦሳ ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከተላቀቁ በኋላ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ልጥረገው?

ቦርከና፦
አይሆንም። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራግፈው። ውሃ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ውስጡ ያለውን ሳሙና መሰል ነገርም ያወጣል። የሚያበራው ሮዝ ካለበት ደግሞ ከመስኮት አርቀው፤ ፍሎረሰንት ቀለም በብርሃን ቶሎ ይገረጣል፣ የገረጣውንም ቫርኒሽ አይመልሰውም።